ያልተወዛወዘችው ሣር

ካለፈው ገና ጀምሮ ግራ እጄ ከድታኛለች። ስትሮክ ነው አሉ። ይሁን። ከተኩስ መስመር ልውጣ ማለት ግን አይደለም።

እንደ ድሮው ባሩድ በእጃችን እየሞላን የምንተኩስ ሰዎች ማኅበር አለን፤ የማኅበራችንን ሜዳ የሚመራው ታናሽ ወንድሜ ሃስከል ነው። «አዲሱን ሽጉጥሽን ብቻሽን ፈትተሽ፣ አጥበሽ ከገጠምሽ ከሰዓት ውድድሩ ላይ ከሰዎቹ ጋር ትቆሚያለሽ። ካልሆነ ተመልካች ወንበር ላይ ነሽ» አለኝ። ተመልካች ወንበር! እዚሁ ኬንታኪ ውስጥ ለዚህ ሰው ሽጉጥ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እሱ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብሎ የበቆሎ ዳቦዬን ይገምጣል። ሽጉጡ እንዳይዝግ ከፋብሪካ በግራሶ ተለውሶ ነው የሚመጣው፤ ግራሶው ካልጸዳ ባሩዱን ያበላሻል፣ የእሳቱንም መንገድ ይዘጋል። ባዶ መሆኑን አየሁና በጨርቅ ጠቅልዬ ጉልበቶቼ መሃል አጣበቅኩት። አፈሙዙን የያዘውን ሽብልቅ በእንጨት መዶሻ መታሁት። ንቅንቅ አላለም። የሃስከል እጅ ብድግ አለች።

«እጅህ ላይ ተቀመጥ!»

«እትዬ ዘልማ፣ እኔ እኮ...»

«ተቀመጥባት አልኩህ!»

እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተተ። «ዳቦውንስ በምን ልብላ?»

«ጠግበሃል።»

ሽብልቁ እስኪወጣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የእንጨት እጀታውን ለይቼ አስቀምጬ ብረት ብረቱን በፈላ ውሃና በሳሙና አሸሁት። እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባቸውን ስድስት ጥቃቅን ብሎኖች ፈትቼ፣ በልብስ መቆንጠጫ እያስያዝኩ፣ መቆንጠጫውን በክርኔ ተጭኜ ቀዳዳቸውን በሽቦ ጠረግሁ። ምድጃ ውስጥ አደረቅኩ፣ ዘይት ቀባሁ፣ ገጠምኩ።

ጓሮ ወጣን። ባሩድ ከመግባቱ በፊት በየብሎኑ ላይ ስትመታ የምትፈነዳዋን ትንሽ የመለኮሻ ቆብ ብቻ አድርገን፣ አፈሙዙን ወደ ሣር አስጠግተን እንተኩሳለን። ሣሯ ከተወዛወዘች መንገዱ ክፍት ነው። አምስት ጊዜ ተወዛወዘች። በስድስተኛው ቆቧ ጧ አለች፣ ሣሯ ግን እንደቆመች ቀረች።

ሃስከል ጉሮሮውን ጠረገ። «ተንቀሳቅሳለች፣ አይቻታለሁ። በይ መኪና ውስጥ ግቢ።»

ይሄ ሰው ለገዛ እናታችን እንኳ አድልቶ የማያውቅ ዳኛ ነው። ለእኔ ማዳላቱ ከስትሮኩ የበለጠ አመመኝ።

«አልተንቀሳቀሰችም።»

«ኧረ ትንሽ...»

«ሌላ ሰው ቢሆን ታሳልፈው ነበር?»

ሰዓቱን አየ። «ውድድሩ ሊጀመር ነው እኮ፣ እትዬ። እንደገና ከፈታሽው አትደርሺም።»

«ይጀመራ! እኔ የሚቀጥለው ቅዳሜ እቆማለሁ።»

ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ሽጉጡን ጉልበቶቼ መሃል መልሼ መዶሻውን አነሳሁ። ሃስከል ወደ ሜዳው ደወለና ዛሬ ሌላ ሰው እንዲተካው ነገራቸው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ እኔ ምንም ሳልለው እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተተ።