አሻራ የሌለው ሰው

በዚያ ዓመት ሲሚንቶ ጠፋ። መጀመሪያ ዋጋው ጨመረ፤ ቀጥሎ ወረፋ ሆነ፤ ከዚያ ወረፋውም ቀረ። የተጀመሩ ፎቆች ብረታቸው እንደቆመ ዝናብ መታቸውና ዛጉ። ቀን ሠራተኞች በየሕንፃው በር ተቀምጠው ይውሉና ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። በሳምንቱ የሚመለሱት ግማሾቹ ነበሩ፤ በወሩ ዘበኛው ብቻ ቀረ። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። አራተኛውም ገባ።

ግድግዳ ለሳኙ በእነዚያ ሦስት ወራት የሠራው እዚህም እዚያም እየተለቀመ አሥራ አንድ ቀን ነው። ሚስቱ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር፤ ሰዉ ሲቸግረው የራሱን ማጠብ ጀመረና የእሷም ሥራ ቀነሰ። ልጃቸው ጠዋት ዳቦ በሻይ በልታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ምን አለ ብላ አትጠይቅም። አባቷን የሚያመው አለመጠየቋ ነበር።

ሥራ ቦታም ሰፈርም የለሳኙን ስም የሚያነሣ የለም፤ «ቱንቢ» ነው የሚሉት። ቱንቢ በክር የሚንጠለጠል፣ ግድግዳ መቅናቱ የሚታይበት ብረት ነው። ስሙ የወጣለት ተቋራጩ ራሱ «ይለፍ» ያለውን ግድግዳ እሱ «ሆዱ ተነፍቷል» ብሎ በማግሥቱ አፍርሶ ስለሠራው ነው። ሌላው ለሳኝ በጣውላ አሽቶ አለስልሶ ይወርዳል። ቱንቢ ግን ከሁሉ በኋላ እርጥቡን ግድግዳ በባዶ መዳፉ ከላይ እስከ ታች ይዳብሰዋል። «ዓይኔ ያሳለፈውን ጣቴ ይይዘዋል» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲዳብስ ኖረ።

ወደ ውጭ የመሄዱ ነገር የመጣው ሲሚንቶ ከመጥፋቱ በፊት ነው። አንድ ሀብታም አገር ለሳኝ፣ አናጢና የቧንቧ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለ። ዕድሜው ከአርባ አምስት ያላለፈ ማመልከት ይችላል፤ ሁለት ዓመት የሠራ ደግሞ ሚስትና ልጁን ያስመጣል። ቱንቢ ያኔ አርባ አንድ ነበር። የሙያ ፈተናውን ተፈትኖ አለፈ። ቋንቋውን ሁለት ዓመት ማታ ማታ ተማረ፤ ከሠላሳ ተማሪ ሽማግሌው እሱ ነበርና መምህሩ ሳይቀር «አባት» ይለው ነበር። የጤናውን፣ የፖሊሱን፣ የጋብቻውን ወረቀት ሰበሰበ። ሰው ቶሎ አስገባ ሲለው «አንድ ወረቀት ጎድሎበት አላስገባም» እያለ ቆየ። ሁሉ ሲሞላ ፖስታውን ይዞ ወደ ማመልከቻው ቢሮ ሄደ። የቀረው አሻራ መስጠት ብቻ ነበር።

ከመስታወት መስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ልጅ ወረቀቱን ቆጥራ ተቀበለች።

«አራቱን ጣት እዚህ ላይ ይጫኑ።»

ተጫነ። መሣሪያው ቀይ አበራ።

«ላብ ይሆናል፤ ይጥረጉና ይድገሙት።»

ሱሪው ላይ ጠረገና ደገመ። ቀይ። ስምንት ጊዜ ሞከሩ። ልጅቷ እጁን ሳብ አድርጋ ገልብጣ አየችው። ጣቶቹ ጫፍ ላይ አንድም መስመር የለም፤ እንደ ታጠበ ሳሕን ልሙጥ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልስን።»

«በቃ፣ ሲሚንቶው በልቶታል።»

«የጠራችሁት ለሳኝ አይደለም እንዴ? አሻራ ያለው ለሳኝ ከየት ሊመጣላችሁ ነው?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው አለቃዋ ወዳለበት ዞር ብላ አየችና ሳቋን ዋጠች። «ሠላሳ ቀን እጅዎን ያሳርፉ፤ ቆዳው ይተካል። ሲሚንቶ እንዳይነኩ፤ ሳሙናም ቢተዉ ጥሩ ነው።»

«ወረቀቴ ግን ገብቷል?»

«ወረቀትዎ እኛ ጋ ነው» አለችው።

መልሷ የጥያቄው መልስ አለመሆኑን ያስተዋለው በኋላ ነው።

እቤት ሲደርስ ሚስቱ ሰማችና እጁን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ ላዩ ላይ የሹራብ ጓንት ታለብሰዋለች። ፀሐይ እየነደደ ጓንት አድርጎ ሲወጣ ሰፈሩ «ሙሽራው መጣ!» አለ። ከሁሉ የባሰው አብሮት የሚሠራው ግንበኛ ነበር።

«ቆይ፣ አሻራ የለህም ማለት ነው?» አለው።

«የለኝም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ጣት ይዘህ ግድግዳ ለሰንክ? አንተ የማትረባ! እኔ ብሆን ባንክ ነበር የምዘርፈው።»

ግንበኛው የልብ ጓደኛው ነው። አንዱ ይገነባል፣ ሌላው እየተከተለ ይለስናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግንበኛው እሑድ እሑድ እየመጣ የቱንቢን ሁለት ክፍል ቤት በነፃ ገነባለት። ውላቸው በሥራ ነበር፤ እኔ የአንተን እገነባለሁ፣ አንተ የእኔን ትለስናለህ። የግንበኛው ቤት ቆመ፤ ልስኑ ግን ቀረ። መጀመሪያ ሥራ በዛ። ቀጥሎ የቱንቢ ልጅ ታመመች። ከዚያ የመሄዱ ነገር መጣና ቱንቢ «እዚያ ስደርስ ገንዘብ እልክልሃለሁ፣ ከነቀለሙ ታስጨርሰዋለህ» አለ። ብሎኬቱ እንደገጠጠ ዓመታት አለፉ። በየስንጥቁ ጉንዳን ገባበት። የግንበኛው ሚስት ሰው ሲመጣ ብሎኬቱ እንዳይታየው ወንበሩን ጀርባውን ወደ ግድግዳው አዙራ ታስቀምጣለች። ግንበኛው ራሱ አንድም ቀን አልጠየቀም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ሲሚንቶ መጣ። የሥራ ቦታው ፎርማን ደወለ፤ የአንድ ክሊኒክ ኮሪደር በነገታው ተቆጣጣሪ ያየዋል፣ ለሳኝ የለም፣ የአንድ ቀን ዋጋው የሳምንት ነው አለ። ቱንቢ ሚስቱን አያት። ቤት ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም።

«የላስቲክ ጓንት አድርግ» አለችው።

አደረገ። ቀኑን ሙሉም አላወለቀም። ሥራው ሲያልቅ ግን ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል አግድም ገባና ግድግዳው ላይ አንድ ጥላ ያየ መሰለው። እብጠት ይሁን ጥላ ብቻ በዓይኑ መለየት አቃተው። በጓንቱ ዳበሰው፤ ላስቲክ ምን ያውቃል። የቀኙን አወለቀ። አንዲት ቦታ ብቻ ነክቼ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር። እብጠቱ ነበረ። አስተካከለው። ከእሱ ጎን ሌላ አለ። ልብ ሲል ሁለቱም እጁ ባዶ ነው፤ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሶ ጨርሷል።

ሚስቱ ማታ እጁን አየችው። የቫዝሊኑን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

በሠላሳኛው ቀን መሣሪያው ቀይ አበራ። ልጅቷ ሌላ ሠላሳ ቀን ሰጠችው። በዚህኛው ፎርማኑ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ቱንቢ አላነሣም። ዳቦውን ሱቅ በዱቤ ወሰዱ። ጣቶቹ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠኑ መስመሮች ብቅ አሉ። ሴት ልጁ በባትሪ ብርሃን ጣቱን እያየች «ይኸው፣ ይኸው አንድ!» ትል ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግንበኛው ሳይቀልድ ገባ። በሬዲዮ ሰምቶ ነው። ያ አገር ደንቡን ለውጧል።

ቱንቢ ቢሮው ሲደርስ ሰልፉ መንገዱን ዞሯል። ከቀትር በኋላ ተራው ደረሰ። ልጅቷ አወቀችው፤ ዓይኗን ግን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

«ከትናንት ጀምሮ የዕድሜው ጣሪያ አርባ ሆኗል፣ ጋሼ። ቀድሞ የገባ ማመልከቻ በድሮው ይታያል።»

«እሰየው! የእኔ ከሰባት ሳምንት በፊት ነው የገባው።»

«ገባ የሚባለው አሻራ ሲሰጥ ነው። የእርስዎ ተቀምጦ ነበር ነው የሚባለው።»

«ተቀምጦ።»

«አዎ።»

«ይግባኝስ?»

«ላልገባ ማመልከቻ ይግባኝ የለም።»

«ደንብ አይደል? ነገ ተመልሶ ይለወጥ ይሆናል።»

«መለወጡንማ ይለወጣል» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አራት ዓመት እዚህ ተቀምጫለሁ። ሲለወጥ ሁሌ ሲጠብብ እንጂ ሲሰፋ አላየሁም። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ፖስታውን በመስታወቱ ሥር አሾልካ መለሰችለት። አንድም ወረቀት አልጎደለም።

ከኋላው የነበረው አናጢ ክንዱን ያዘው። «ወንድሜ፣ ምን አሉህ? ለእኛ ምን ትመክረናለህ?»

«አሻራህን አስቀድም። ወረቀት አሟላለሁ ብለህ አትቀመጥ፤ አንተ ስታሟላ እነሱ ይለውጡታል። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«እንግዲያስ ቤትህ ግባ» አለውና ሄደ።

ሚስቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። «እስከ መቼ ጠብቅ አሉህ?»

«መቼም አይሆንም።»

እሷ ገብታ ሻይ ጣደች። ልጃቸው ከሁለቱ ፊት ነገሩን ተረዳችና ባትሪውን መደርደሪያ ላይ መልሳ አስቀመጠች። በዚያ ቤት ስለዚያ አገር ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነገር የለም። የቋንቋ ደብተሮቹን ሚስቱ ለእሳት ማቀጣጠያ ስትወስድ አያት።

በማግሥቱ ለፎርማኑ ደወለ። ሁለት ሳምንት ሠራ፤ የሱቁን ዱቤ የሚዘጋውን ያህል በገንዘብ፣ የተረፈውን በሲሚንቶ ክፈለኝ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሲሚንቶውን በጋሪ አስጭኖ መሣሪያውን ተሸክሞ ግንበኛው ደጅ ቆመ።

ግንበኛው ጋሪውን አየ፣ እሱን አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ልለስን ነው።»

«ማን ጠየቀህ? እዚያ ስደርስ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ! መልሰህ ጫን። እኔ አልቸኮልኩም። አሥራ አንድ ዓመት የቻልኩ ሰው አንድ ሁለት ዓመት ያቅተኛል?»

«ንሣ፣ አሸዋውን ንፋ።»

«ሌላ አገር ይጠራ ይሆናል እኮ! ምን አስቸኮለህ?»

«አርባ አራተኛዬን ልይዝ ነው» አለ ቱንቢ። «አሸዋውን ንፋ።»

ግንበኛው ወንፊቱን ፈልጎ አመጣ። ለሃያ ዓመት ሌላውን ሲያዝዝ የኖረ ሰው ያን ቀን እንደ ቀን ሠራተኛ አሸዋ ነፋ፣ ውሃ ቀዳ፣ አቦካ። ሦስት እሑድ ፈጀ። በሦስተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ግድግዳ ተለሰነ። ቱንቢ እጅጌውን ሰብስቦ በሁለት መዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው፤ ሁለት ቦታ መለሰ፣ አስተካከለ፣ ወረደ።

የግንበኛው ሚስት የእጅ ውሃ አመጣችለት። እያፈሰሰችለት ግድግዳውን ታያለች፤ ልታመሰግነው አፏን ከፍታ ባሏን አየችና ተወችው።

«እኔ ያልጠየቅሁህ፣» አለ ግንበኛው፣ «ይሄ ቤት ሳይለሰን እስከቆየ ድረስ አንተ ትሄዳለህ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በቃ ከእንግዲህ ምንም የለብህም።»

«የለብኝም።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳው ገና እርጥብ ነበርና ጀርባቸውን አላስደገፉም።