የዘውገ ተዝካር

ውብአለም ወንድሟን በአጥሩ በር ላይ ስታየው የያዘችው የጠላ ማሰሮ ከእጇ ወድቆ ተከሰከሰ።

"በስመ አብ! አንተ ሞተህ የለም እንዴ?"

"እኔ? ማን አለሽ?" አለ ዘውገ። ከደብረ ታቦር እስከ ጋፋት በእግሩ መጥቶ ላብ አጥምቆታል። ከአዲስ አበባ እስር ቤት ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነው፤ የመጣውም አባቱ ባወረሱት የገጠር ቤት ተቀምጦ ትንፋሹን ሊሰበስብ ነበር።

ውብአለም ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ከዚያ እያለቀሰች ትቆጣው ጀመር። ለካ የስሙ ሞክሼ የሆነ እስረኛ ሞቶ፣ ወሬውን የሰማ ነጋዴ ለእሷ መርዶ አምጥቶላታል።

"ፍትሐት ተፈትቶልሃል እኮ! ነገ ተዝካርህ ነው። በሬው ታርዷል፣ ከእብናት ሳይቀር ሰው ተጠርቷል። አሁን ምን ልበላቸው?"

ዘውገ ሊስቅ ሲል የተላጨ ራሷን አየ። ሳቁን ትቶ ግንባሯን ሳማት።

እቤት ውስጥ ለነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው አስተማሪ ማሩ ተቀምጧል። እንግዳውን ሲያውቀው ብድግ አለና ወረቀቱን ከኋላው ደበቀ።

"እስቲ አምጣው" አለ ዘውገ። ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚባልለት ለማወቅ ጓጓ። እንደቆመ አነበበ። "አሥራ ሁለት መጻሕፍት? እኔ እኮ የጻፍኩት አንድ ነው። እሱንም ከአሥር ዓመት በፊት።"

"አውቃለሁ፣ ጋሽ ዘውገ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ ብቻ ማለት ከበደኝ።"

"'የትራክተሩ ሙሽራ' የሚለውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት?"

"የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለሚመጡ ነው።"

ዘውገ ከስንት ወር በኋላ ከልቡ ሳቀ። ጣቱ ግን ወደታች ወርዶ አንድ አርእስት ላይ ቆመ።

"'ከጉና የወረደችው ሴት'። ይቺ ምን ሆና ነው የወረደችው?"

"እኔ እንጃ። አርእስቱ ብቻ ነው የመጣልኝ።"

"ባል አላት?"

ማሩ ትከሻውን ሰበቀ።

"ኧረ ስለ ማርያም፣ ነገ ምን እንበል?" ውብአለም ከደጅ ተጣራች።

"የምስጋና ድግስ ነው በያቸው!" አለና ዘውገ ተቀመጠ። የማሩን እስክሪብቶ ተቀብሎ ያልጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ ይሰርዝ ጀመር። አሥሩን ሰርዞ ቆመ።

"አንድ ቀርቶዎታል" አለ ማሩ።

"እሷን ተዋት። ባዶ ወረቀት ተርፎሃል?"