ኮሌታ የተባለው በረኛ

«ጃንደረባህ ዛሬስ ጻፈ?» አለኝ ፋብሪካ ውስጥ ከጎኔ የሚሠራው ኳንግ፣ የጃንጥላ ዘንግ እየገጣጠመ።

«አልጻፈም።»

«ለምን ጃንደረባ እንደሚባል ታውቃለህ አይደል፣ ትንሹ ቺ?»

«አውቃለሁ፣ ወንድም ኳንግ።»

«እንደ ታሪኩ ከታች የለውማ!» አለና ራሱ ሳቀ። እኛ አገር ስልክ ላይ ልብ ወለድ የሚያነብ ሁሉ፣ ጀምሮ ያልጨረሰን ደራሲ እንዲህ ነው የሚጠራው። ኳንግ ቀልዱን በየቀኑ ይናገራል፤ በየቀኑም አዲስ ይሆንበታል።

የእኔ ደራሲ የብዕር ስሙ «ዘጠኝ ኩባያ» ነበር። «የበረዶ በር» የሚለውን ታሪክ በየማለዳው አንድ ምዕራፍ እየለጠፈ ዓመታት ቆየ፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። ዝም ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል።

በታሪኩ ውስጥ ተራራ ጫፍ ላይ ያለውን በር የሚጠብቅ ሊንግ የሚባል ሰው አለ። ሰው ባሳለፈ ቁጥር በሩ ከዕድሜው አንድ ዓመት ይወስድበታል። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንለትም። የሸሸ ገበሬ፣ እርጉዝ ሴት፣ አንዴማ ሊገድለው የመጣ ወታደር እንኳ አሳልፏል። በመጨረሻው ምዕራፍ በሩ በራሱ መዘጋት ይጀምራል። የመጨረሻዎቹ መንደርተኞች ገና ዳገቱ ላይ ናቸው። ሊንግ ትከሻውን በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ያስገባል። «አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰማው። ከታች የሚመጡት ግን ገና ከሩቅ ትንንሽ ነበሩ» ይላል። እዚያ ላይ ቆመ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሊንግ እዚያው ነው። እኔ ስበላም፣ ስተኛም፣ ጨርቅ በሽቦ ላይ ስወጥርም እሱ እዚያው ነው። የፋብሪካው አሳንሰር ሊዘጋ ሲል የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ትከሻዬን በበሩ መሀል አስገባለሁ፤ ሴቶቹ «በረኛው!» እያሉ ይስቁብኛል። ብዙ አልመኝም ነበር። ያንን ትከሻ ከዚያ የሚያወጣው ሰው ብቻ። ቢሞትም ይሙት፣ ግን ይውጣ።

ከሰው ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ከታሪኩ ሥር ግን ሁልጊዜ አስተያየት እጽፍ ነበር፤ ያውም ስለ አንድ ፊደል። በእኛ ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ትርጉም አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የበረኛው ስም የተጻፈው ተራራ ማለት በሆነው ፊደል ነው። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን ሁሌም ኮሌታ ማለት በሆነው ፊደል ነው። ሁለቱም «ሊንግ» ተብለው ይነበባሉ፣ መልካቸውም ይቀራረባል፤ ስልክ ላይ ሲጻፉ ጣት ያሳስታሉ። ተራራ የሚጠብቅ ሰው ኮሌታ ተብሎ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

«ክቡር ደራሲ፣ የሊንግ ስም በተራራው ፊደል ነው የሚጻፈው። እባክዎ ያርሙት።»

አንድ ጊዜ ብቻ መለሰልኝ። «አውቃለሁ» አለ። አላረመውም።

መቃብር የሚጠረግበት በዓል ሊደርስ ሲል በደራሲው ገጽ ላይ አዲስ ነገር ተለጠፈ። የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ ከፈትኩት። ምዕራፍ አልነበረም። «የዚህ ገጽ ባለቤት ልጄ ነው። በክረምት አርፏል። ስትጠብቁ ለነበራችሁ ይቅርታ። አባቱ።»

አንባቢው የሻማና የእንባ ምስል ለጠፈ። እኔ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የሊንግ ትከሻ ነው። አሁን ማን ያወጣዋል?

ከፋብሪካው በስተጀርባ ለሙታን እየተቃጠለ የሚላክ የወረቀት ዕቃ የምትሸጥ፣ ሁላችን አክስት የምንላት ሴት አለች። እሷ ዘንድ ሄድኩ።

«ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ለ… ለማውቀው ሰው።»

«ምን ይወድ ነበር? መኪና አለኝ። ይኼ ደግሞ ቪላ ነው፣ ከነዘበኛው።»

«ብዕርና ነጭ ወረቀት ነው የምፈልገው።»

«እዚያም ቤት ሥራ ይሰጧቸዋል እንዴ!» ብላ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ተወችው። ከወረቀት የተሠራ ብዕር ፈልጋ አወጣች። «ስሙን ጻፍበት። ቤት ያወጡለትን ነው ታዲያ፣ ሰፈር የሚጠራበትን አይደለም። አንድ ፊደል ብትስት ሌላ ሙት ነው የሚወስድልህ።»

«ዘጠኝ ኩባያ» ብዬ ብጽፍ እንደማይደርስ ገባኝ። እየጻፍኩ እያጠፋሁ ቆይቼ ለአባቱ መልእክት ላኩ፤ ወረቀት ላቃጥልለት ስለምፈልግ የልጅዎን ስም ይንገሩኝ አልኳቸው። «ሚያው ሼንግ። ተባረክ ልጄ» ብለው መለሱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ መንታ መንገዱ ላይ በጠመኔ ክብ ሠራሁ፤ ገጹ ላይ የሰሜን ሰው ነኝ ስለሚል፣ ወደ አገሩ እንዲያልፍ በሰሜን በኩል ክፍት ተውኩለት። ጠያቂ ለሌላቸው ሙታን ጥቂት ወረቀት ከክቡ ውጭ ጣልኩ። በነጩ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ባማረ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «ደራሲ ሚያው ሼንግ፣ እባክዎ ይጨርሱት። ቢሞትም ይሙት፣ ሊንግን ከበሩ ያውጡት። ስሙም በተራራው ፊደል ነው።» ጥሩ ነደደ። አንድም ቁራጭ አልቀረም።

በማግስቱ ለአባቱ ምስጋና ላኩ፣ ያቃጠልኩትንም አንድ በአንድ ጻፍኩላቸው፤ ስሜንና ቁጥሬንም ጨመርኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ቺ የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባት።»

«ዓይኔ ደካማ ነው። ምን ብለህ እንደላክህለት እስቲ በአፍህ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው።

«ሊንግ አልክ? በተራራው?»

«አዎ።»

«ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ልጄ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በረዶ የዘጋው አቀበት ላይ፣ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች አስቆማለሁ ብሎ ወርዶ እዚያው ቀረ። እናትየው ከዚያ ወዲህ ያ ፊደል እቤታችን እንዳይጻፍ ከለከለች። ካላንደር ላይ እንኳ ካገኘችው ትፍቀዋለች።»

አንድ ጊዜ ተጽፎ ከዚያ የጠፋው ፊደል ትዝ አለኝ።

«ይጽፋል ብለን መች አወቅን? ቢሮ ነው የምውለው ይለን ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈተህ የተቀመጥከው ምን ሆነህ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ‹ካልጻፍኩ አይሞትም፣ አባዬ› አለኝ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ፊቱን በፎጣ ጠረግሁለት። አለህ?»

«አለሁ።»

«ግድ የለም፣ አንተ ምን ታውቃለህ።» ተነፈሱ። «ይደርሰዋል ግን ትላለህ?»

አይደርስም ማለት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አባትየውን ለማጽናናት እንደዚያ ይል ነበር።

«ስሙን በትክክል ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

ስልኩ ተዘጋ።

ከሥራ ስወጣ በመንታው መንገድ አለፍኩ። ጠራጊዎቹ አመዱን አንስተውታል፤ ከጠመኔውም የቀረ የለም። አሳንሰሩ ላይ ማንንም አልጠበቅኩም ነበር፤ ኳንግ «ያዘው እንጂ፣ በረኛው!» እያለ ሲሮጥ በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ «በተራራው ፊደል ነው» እያልኩ የጻፍኳቸውን አስተያየቶች ከሥር ጀምሬ ሰረዝኳቸው። የሚሰረዘው ግን እዚህ ስልክ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ያቃጠልኩት አይሰረዝም።