የወለምታ ጠያቂዎች

ባምባሲ ውስጥ ታማሚ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ሰው የለም። ለወለደች ገንፎ ይወሰዳል፣ ወባ ለጣለው ብርቱካን ይወሰዳል፤ እግሩን ወለም ላለው ግን ምን እንደሚወሰድ አባቶች ያቆዩት ሥርዓት የለም። ስለዚህ ገላኔ ረጋሳ ግራ እግሯን ወለም ብሏት ቤት የዋለች ሰሞን ሁሉም የመሰለውን ይዞ መጣ። ጣጣውም የጀመረው ከዚያ ነው።

ገላኔ ግብ ጠባቂ ናት። ቁመቷ የአባቷ ነው፣ እልኋ ግን ከየት እንደመጣ ቤተሰቡም አያውቅም። አንድ እሑድ በወዳጅነት ጨዋታ ከፍ ያለች ኳስ ለመያዝ ዘልላ ስትወርድ የራሷን ተከላካይ ጫማ ረገጠችና ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ኳሷን ግን አልለቀቀችም፤ ይህንን ለጠየቃት ሁሉ ሳትናገር አላለፈችም። የጨነቃት ሌላ ነው። ከፋሲካ በኋላ አሶሳ ላይ የክልሉ የሴቶች ቡድን ምርጫ አለ፣ አሰልጣኟም ስሟን አስመዝግባለች። በአንድ እግሩ ዘሎ በአንድ እግሩ ማረፍ የማይችል ግብ ጠባቂ ደግሞ ማንም አይመርጥም። የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ገላኔ በበኩሏ ይህ ካመለጣት ኳስ እንዳበቃላት ራሷን አሳምናለች።

አሶሳ ሆስፒታል ሄዳ ራጅ ተነሳች። አጥንቷ ደህና ነው፣ የተጎዳው ጅማቷ ነው ተባለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዋኘው ይባላል፤ ፓዌ ያደገ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ቢጫ የመለጠጫ ላስቲክ አውጥቶ ሰጣት።

«እብጠቱ እስኪጎድል በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዥበት፣ በፋሻ እሰሪው፣ ስትቀመጪ ከፍ አድርጊው። ሲጎድል በዚህ ላስቲክ እግርሽን እየሳብሽ ታጠነክሪዋለሽ። ከዚያ በአንድ እግርሽ መቆም ትለማመጃለሽ፣ መጀመሪያ የሆነ ነገር ተደግፈሽ። ማሸት የለም። ሌላ ዕቃም አያስፈልግሽም።»

ገላኔ ላስቲኩን እያገላበጠች አየችው። ለፀጉር ማሰሪያ እንጂ ለእግር የሚሆን አልመሰላትም። ይህን ይዤ ነው ለምርጫ የምደርሰው ብላ በልቧ አዘነች፣ ቦርሳዋ ውስጥም ከተተችው።

መጀመሪያ የመጣችው የአባቷ እህት አዳዳ ሰንበቴ ናት። ጨው በድስት አግላ፣ በወፍራም ጨርቅ ቋጥራ፣ ትኩሱን በእቅፏ ይዛ ገባች።

«ሐኪሙ በረዶ ነው ያዘዘልኝ፣ አዳዳ» አለች ገላኔ ፈራ ተባ እያለች።

«በረዶውንም ያዥ፣ ሙቀቱንም ያዥ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው» አለች አዳዳ፤ ቋጠሮውን እግሯ ላይ ጫነችና እስኪበርድ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ቀጥላ ጎረቤታቸው ኸድራ መጣች። ኸድራ የሽቶና የጨርቅ ሱቅ አላት። የቤርታ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ሁሉንም «አንተ» ትላለች፣ የሚቀየማትም የለም። ከሱዳን የመጣ ቅባት በትንሽ ጠርሙስ ይዛለች።

«ይሄ ዱህን ጥሩ ነው ገላኔ። ጠዋት ትቀባለህ፣ ማታ ትቀባለህ፣ ጠንከር አድርገህ ታሻለህ። ኢንሻ አላህ ትሮጣለህ።»

ታላቅ ወንድሟ ሞቱማ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚንቀጠቀጥ ማሻ ማሽን ላከላት። የዕቃው ቅርጽ ቁርጥ ሽጉጥ ነው። ረዳቱ በየኬላው ከካርቶኑ እያወጣ «መሣሪያ አይደለም፣ እግር ማሻ ነው» ሲል እየማለ መምጣቱን ባምባሲ ሲያስረክብ በምሬት ተናገረ። ሞቱማ በቪዲዮ ደውሎ ማሽኑ ሲያጉረመርም ካልሰማ ስልኩን አይዘጋም።

የሰጠ ሰው ሰጥቶ አይቀርም፤ ውጤቱን ሊያይ ይመለሳል። አዳዳ ስትመጣ ጨው ይጋላል። ኸድራ ስታልፍ ብቅ ትልና እግሯን አሽትታ ቅባቱ መቀባቱን ታረጋግጣለች። ሞቱማ ይደውላል። ገላኔ ሜዳ ላይ የገዛ ተከላካዮቿን ስትገስጽ ድምጿ ከገበያው ይሰማል፣ ጠያቂ ፊት ግን «ተዉኝ» ማለት አይሆንላትም። ይሉኝታ ያዛት። ሁሉንም እንደየባለቤቱ ተጠቀመችበት። ቢጫው ላስቲክ ጠያቂ የለውምና ቦርሳ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

ይህ ሁሉ ግን ከአባቷ ቀርከሃ ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር።

ረጋሳ ከመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ይሠራል። ልጁ ኳስ እንዳትጫወት ከልክሏት አያውቅም፤ መጥቶ አይቷትም አያውቅም። ጓንቷን ይዛ ስትወጣ ቀና ብሎ ያያትና ወደ ሥራው ይመለሳል። ተጣልተው አይደለም። የሚያወሩት ነገር ስለሌላቸው ነው፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ሁለቱም እንዳላወቀ ይሆናሉ። ገላኔን ከገባባት ግብ ሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ይሄ ነበር፣ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም።

በታመመች በሳምንቷ ረጋሳ ወፍራም ቀርከሃ ቆረጠ፣ በስለት ላገው፣ በመሃሉ ዘንግ አሳልፎ ከሁለት በኩል መያዣ አበጀለት። እግር ላይ ሲገፉት እየተሽከረከረ ያሻል። ወደ ማታ ሲል እጁን ታጠበ፣ ዱካውን ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ፣ እግሯን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማሽከርከር ጀመረ። ቀርከሃ የቱንም ያህል ቢላግ አንጓ አያጣም። አንጓው ያበጠው ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር የገላኔ ዓይን በውኃ ይሞላል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይሄ በር ጠባቂ የምትሉት» አለ ረጋሳ ድንገት፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ፣ «ኳስ በእጅ መያዝ የተፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው?»

«ለእሱ ብቻ ነው። ያውም ሳጥኑ ውስጥ።»

«ሳጥን?»

ሳጥኑ ምን እንደሆነ ነገረችው። በጣቷ አልጋ ልብሱ ላይ ሥላ አሳየችው። ረጋሳ እያሸ ሰማት፣ «ታዲያ ሁሉም በር ጠባቂ ልሁን አይልም?» ብሎ ጠየቀ፣ ገላኔም እያመማት ሳቀች። በማግስቱ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ጠየቃት። ከዚያ በኋላ ቀርከሃው ሳይሽከረከር ጥያቄም ሳይጠየቅ የመሸ ቀን የለም።

ጠዋት ጠዋት ግን እግሯ እንደገና አብጦ ይገኛል። ፋሲካ እየቀረበ ነው። ገላኔ ግራ ገባት፣ አሶሳ ተመልሳ ዋኘው ፊት ተቀመጠች።

«ምን ምን አደረግሽበት?» አላት ቁርጭምጭሚቷን በጣቱ ጫን እያለ።

ነገረችው። ጨውንም፣ ቅባቱንም ዝም ብሎ ሰማ። ማሽኑ ጋ ስትደርስ ሳቁ አመለጠው። ቀርከሃው ጋ ስትደርስ ሳቁን ዋጠ።

«ከእነዚህ ሁሉ የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀችው።

«የቱን ልያዝ ብለሽ ጠይቂኝ። ላስቲኩ የታለ?»

ከቦርሳዋ አወጣችው። አጣጥፎ እንደሰጣት ነው።

«ስሚኝ ገላኔ። ማሽኑ መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ለዛለ ጡንቻ ይሆናል። ሙቀትም የራሱ ጊዜ አለው። የተጎዳ ጅማት ግን በየቀኑ እየጨፈለቁት አይጠግግም። በተለይ ያ ቀርከሃ መቆም አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ መድኃኒቱን ደብቀሽ በሽታውን ለጠያቂ አከፋፈልሽው። ከዛሬ ጀምረሽ ያልኩሽን ብቻ ካደረግሽ ለምርጫው ልትደርሺ ትችያለሽ። ካላደረግሽ አትደርሺም።»

ጨው፣ ቅባትና ማሽን አላስቸገሩም። አዳዳ ሰንበቴ ሐኪም ከልክሏል ስትባል ትንሽ አኮረፈችና የጨው ቋጠሮዋን ይዛ ሄደች። ኸድራ «ለአንተ እግር ካልሆነ ለእኔ ጉልበት ይሆናል» ብላ ጠርሙሷን ወሰደች። ሞቱማ ማሽኑ እስክትድን ይቀመጥ ሲባል እሺ አለ። ገላኔ ይሉኝታ ያን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ እስከዛሬ ምን አስሮኝ ነበር ብላ በራሷ ተገረመች።

ወደ ማታ አባቷ እጁን ታጥቦ ዱካውን ሲስብ ግን እንደ ወትሮው እግሯን ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። ረጋሳ ቀርከሃውን እያሽከረከረ ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር እንድታስረዳው ጠየቃት። ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው ገባት፤ ቀን ሱቅ ዳር ሬዲዮ ሲያዳምጥ ውሏል ማለት ነው። አስረዳችው። አልገባውም። እንደገና አስረዳችው። ቀርከሃውን እንቢ ካለች ነገ ይህ ዱካ ባዶ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበረች፤ እንቢ ካላለች ደግሞ ምርጫው ቀረ። እግሯንና አባቷን እያመዛዘነች አደረች። ጠዋት እብጠቱን ስታይ በትራሷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ ማታ እግሯን ከጉልበቱ ላይ አነሳችው።

«አባዬ፣ ዛሬ ይቅር።»

«ደከመሽ እንዴ?»

«አልደከመኝም። ያመኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያመኛል። ሐኪሙም በመታሸት አይድንም፣ ይብስበታል ብሏል።»

ረጋሳ ቀርከሃውን እንደያዘ ቀረ። «ከመጀመሪያው ቀን?»

«አዎ።»

«እኔ እያሳመምኩሽ፣ አንቺ ዝም?»

«ቀርከሃውን ካስቀመጥከው አንተም ትነሳለህ ብዬ ፈራሁ» አለች ገላኔ። «ስለ ኳስ ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር።»

ረጋሳ ዘንጉን በአውራ ጣቱ አዞረው።

«እኔስ ይሄ ያድናል ብዬ መሰለሽ?» አለ። «ወንበር ሠሪ ነኝ፣ ስለ ጅማት ምን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይዞ ሲገባ አያለሁ። እኔ ባዶ እጄን መጥቼ ምን ብዬ አጠገብሽ ልቀመጥ? ስለ ኳስ እንዳላወራሽ አንድም ነገር አላውቅም። ይሄን ይዤ ስመጣ ግን መቀመጫ አገኘሁ።»

ገላኔ አባቷን አየችው። በገዛ ቤቱ የገዛ ልጁን ለመጠየቅ ስጦታ የሚያስፈልገው ሰው ኖሯል። ልቧ እስኪሰበር አዘነችለት፣ ለራሷም አዘነች።

«ባዶ እጅህን ና» አለችው።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣ። እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ደጃፉ ላይ ቆመ። ገላኔ ላስቲኩን አልጋው እግር ላይ አስራ ስትስብ ቆይታ ነበር፤ ተነስታ አጠገቡ ሄደች፣ አንድ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ እግሯ ብቻ ቆመች። እግሯ ተንቀጠቀጠ። ረጋሳ ትከሻውን አጠነከረ።

«እና ከጨዋታ ውጪ የሚባለው» አለ፣ «ኳሷ ስትነሳ ነው ወይስ ስትደርስ ነው የሚታየው?»

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። እብጠቱ ጎደለ፣ አልተመለሰም። ገላኔ በሙሉ ክብደቷ የምትደገፍበት ትከሻ ቀስ በቀስ የእጇ መዳፍ ብቻ የሚያርፍበት፣ በኋላም ጣቷ ብቻ የሚነካው ሆነ። አንድ ማታ ጨርሳ ለቀቀችው። ረጋሳ ከአጠገቧ ፈቀቅ አላለም። ቀርከሃው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ለዋለ ወገብ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል፤ ረጋሳ ራሱ ወገቡን ያሽበታል።

የምርጫው ቀን አሶሳ ስታዲየም ዳር ሸንኮራና ማንጎ ይዞ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ረጋሳ ባዶ እጁን መጣ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መራጩ አሰልጣኝ ኳሷን ከማዕዘን አሻማ። ገላኔ ከተጫዋቾቹ መካከል ዘለለች፣ ኳሷን ያዘችና በግራ እግሯ ወረደች። ብቻዋን ነበረች፣ የምትደገፈውም አልነበረም፤ እግሯ ግን ጸና። አሰልጣኙ ስሟን ጠይቆ ጻፈ።

ወደ ዳሩ ዞር አለች። አባቷ እሷን እያያት አልነበረም። አጠገቡ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው በጣቱ መሬት ላይ ሳጥን እየሣለ፣ በር ጠባቂ ኳስ በእጅ የሚይዘው የት የት እንደሆነ እያስረዳ ነበር።