የጀርባው ቅርጽ

ጠዋት ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ አልጋውን አነጠፍኩ፣ የማታውን ሳህን አጠብኩ። እሑድ ስለነበር ውኃ ወደምመረምርበት ላቦራቶሪ አልሄድም። ጋራዡ ባዶ ቢሆንም ከልማድ ገብቼ ጠረግሁት። የባሌ ታናሽ ወንድም መኪናዋን ለመካኒክ አሳያታለሁ ብሎ ከወሰዳት ሳምንት ሆኗታል።

መኪናዋ ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት። መንገድን በግራ ይዘው ለሚነዱ ሰዎች አገር ብቻ የተሠራች፣ ሞተሯ ኃይለኛ፣ መሪዋ በስተቀኝ። ስትነሣ በድምፅ ማጉያዋ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ሰላምታ ትሰጣለች። ባሌ «ጣውንትሽ ናት፤ መልሺላት እንጂ» ይለኝ ነበር። ያስመጣት በእረፍት ቀናቸው መኪና ከሚያሽቀዳድሙ ጓደኞቹ ጋር ሊወዳደርባት ነው። ጉምሩክ ስትደርስ እሱ ለሥራ ርቆ ሄዶ ስለነበር፣ ወንድሙ በራሱ ስም አስፈትቶ አወጣት። በወንድማማች መካከል ምን ችግር አለ ተባለ።

የነጂውን ወንበር የሠራነው ግን እኔና ባሌ ነን። ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል አብጦ የሚደርቅ ፎም አለ። እኔ በባልዲ አማስዬ፣ ወንበሩ ላይ በዘረጋነው ትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈሰስኩት፤ እሱ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ፎሙ እየሞቀ ጀርባውን ሲከበው «እንደ ዳቦ ልትጋግሪኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሲል ትከሻውን ይዤ «አትንቀሳቀስ!» አልኩት። ሲነሣ ጀርባው እንዳለ እዚያ ቀረ፤ በልጅነቱ ተሰብሮ ዝቅ ብሎ የገጠመው ግራ ትከሻው ሳይቀር። ኋላ ሕመሙ ሲያከሳው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ በጎኑና በፎሙ መካከል እጁን አስገባ።

«ይሄ ወፍራም ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

ከሞተ ወዲህ የቀረኝ ያ ሰውዬ ነው።

ከሳምንት በፊት ወንድሙ መኪናዋን ሊወስድ ሲመጣ አማቴም አብረውት መጡ። ሊብሬው በስሙ ነው፤ አልተከራከርኩም። ፎሙን ብቻ እንዲተውልኝ ለመንኩት።

«የሞተ ተጎዳ፣ ያለ ይንዳ» አሉ አማቴ። «አንቺ ደግሞ ፎም አቅፈሽ ልታድሪ ነው?»

ወንድሙ ሳቀ። «እሺ እትዬ፣ እንዋዋል። ለአንድ ውድድር ልቀመጥበትና ነቅዬ እሰጥሻለሁ። አንቺ ደግሞ ደርሶ መልስ ዓይን ትሆኚኛለሽ።»

«እንዳትነካው እንጂ።»

«ምን አደርገዋለሁ? እበላዋለሁ?»

«ዓይን» ያለኝ ወዶ አይደለም። መሪው በስተቀኝ ስለሆነ፣ ነጂው ከፊቱ ካለው ከባድ መኪና ወዲያ የሚመጣውን ማየት አይችልም። የሚያይለት በግራ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። ባሌ ሁለት ቃል ብቻ አስተምሮኝ ነበር፦ «ቆይ» እና «እለፍ»። ሦስተኛ ቃል ሰው ይገድላል ይል ነበር።

የዚያን እሑድ ሻዬን ሳልጨርስ ጡሩምባ ተነፋ። ወንድሙ የውድድር ልብሱን እንደለበሰ መጥቷል። ወንበሩ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ጨርቁ ምንድን ነው?»

«ላቤ እንዳይነካብሽ ብዬ ነዋ።»

አመሰገንኩት።

መንገዱን ሙሉ «ልለፍ?» ይለኛል፤ «ቆይ» እለዋለሁ። «አሁንስ?» ይላል፤ «እለፍ» እለዋለሁ። ነፍሱ አፌ ላይ ነበረች። አንድም ጊዜ አላሳሳትኩትም።

ሜዳው ስንደርስ ሊወርድ ሲል ጨርቁ ከቀበቶው ዘለበት ጋር ተያይዞ ተንሸራተተ። ፎሙ ተፍቋል። ቢጫው ቆዳው ተገፎ ነጩ ወጥቷል፤ የመጋዝ ጥርስ መስመር በመስመር አርፎበታል፤ ጠርዙ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ማነው የፋቀው?» አልኩ።

«ብሎን» የሚሉት መካኒክ የመኪናዋን ጎማ ጎንበስ ብሎ እያየ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ግራ ትከሻው ላይ ጉብታ አለው፣ ይወጋኛል ሲለኝ ምን ላድርግ?»

«ወንድሜ ጎባጣ ቢሆን እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ የባሌ ወንድም፣ ጓንቱን እየሳበ። «ፎሙ እንደሆነ አለልሽ፤ ከሳ እንጂ አልሞተም። ደሞ አሁን እንባሽን እንዳታመጪው እትዬ፤ ውድድር አለብኝ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱ «ተው፣ ሐዘንተኛ ናት» አለ፤ እሱም እየሳቀ።

አጥሩ ሥር ቆሜ ተመለከትኩ። መኪናዋ ጥሩ ሮጠች። አሸነፈ። ዋንጫውን ይዞ ፎቶ ተነሣና ወደኔ መጣ።

«በይ ግቢ። እናቴ ደግሳ እየጠበቀችኝ ነው።» ዋንጫውን ጭኔ ላይ አኖረው። «እንዳትጥዪው።»

ሞተሩ ሲነሣ ጣውንቴ ሰላም አለችን። ማንም አልመለሰላትም።

አቀበቱ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ፊታችን ገባ። ጭሱ በመስኮት ይገባል።

«ልለፍ?»

አውቶቡስ ቁልቁል እየመጣ ነበር፣ መብራቱን አብርቶ። ሁለቱም ቃላት ምላሴ ላይ ነበሩ። እሱ እግሩን ነዳጁ ላይ አሳርፎ አፌን ጠበቀ።

«እትዬ! ልለፍ ወይ?»

«ቆይ።»

አውቶቡሱ በጎናችን ሲያልፍ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ዘወር ብሎ አየኝ። ምን ያህል እንደዘገየሁ ገብቶታል።

«አሁንስ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መንገዱ እስከ ኮረብታው ጫፍ ባዶ ነበር።

«ቆይ።»

«ምን እየመጣ ነው?»

«ቆይ።»

አንገቱን አሰገገ። አይታየውም። ጭሱ አስሳለው። አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን በዳር እየገፉ አለፉን።

«ብስክሌት እኮ ቀደመን! የሚገፋ ብስክሌት! ትቀልጃለሽ እንዴ?»

«ካላመንከኝ እለፋ።»

አላለፈም። ፀሐይ ጠለቀች። እናቱ ስልክ ደወሉ፤ አላነሣውም። አቀበቱ አልቆ ሜዳ ሆነ፣ ሜዳው አልቆ የከተማው መብራት ታየ፤ በጠየቀኝ ቁጥር «ቆይ» አልኩት። ከድንጋዩ ኋላ እየተንፏቀቅን ገባን።

ደጃፌ ላይ ፎሙን በሁለት እጁ ነቅሎ በአጥሩ በር ወረወረው።

«ይኸው! ቃሌን ጠብቄያለሁ። አንቺ ግን ጠንቋይ ነሽ።»

ዋንጫውን ሰጠሁት። ፎሙን ጋራዥ አስገብቼ መብራት አበራሁ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁለት። በመዳፌ ዳሰስኩት። ወገቡ አለ። የቀኝ ጎኑ አለ። ግራ ትከሻው የለም።