ማንም እንዳይወስደው

ይኸው ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፣ አይ፣ ይቃና፣ ድምፁ ጠፍቶ ቢሆንስ፣ ሁለቴ አይቶታል፣ ሦስተኛ ማየት ሞኝነት ነው፣ ያያል። አልጠፋም።

ማንም አይወስድህም ኮስቲ፣ አትስጋ፣ ብሎታል ሥራ አስኪያጁ ትናንት፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አምበሉ ከጉዳቱ ድኖ ሊመለስ ነው፣ የእሱ ደመወዝ ሲደመር ክለቡ ከተፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ ያልፋል፣ የበረዶ ሆኪ ሊጉ ደግሞ ከጣሪያው በላይ አንዲት ሳንቲም አይፈቅድም፣ ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ታችኛው ቡድን ይወርዳል፣ ከመውረዱ በፊት ግን ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ተከላካይ፣ ኤሞሪ ኮስቲ፣ ለሌሎች ክለቦች ሁሉ ለአንድ ቀን፣ እስከ ዛሬ ሰባት ሰዓት፣ ይቀርባል፣ የፈለገ ያነሳዋል፣ በነጻ። ዌቨር ይሉታል። በነጻ። ስድስት ዓመት ተከላክሎ፣ ዲስኳን በጥርሱ ሳይቀር መልሶ።

አያንሱት። ጸሎቱ ይኸው ነው፣ ሚስቱ ሊአን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሏታል፣ የሞቃቷ ፍሎሪዳ ክለብ ቢያነሳው ዛሬውኑ ይበራል፣ ልጁን በስልክ ነው የሚያየው፣ ካላነሱት ግን ታችኛው ቡድን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ ያው በረዶ፣ ያው መኪና ማቆሚያ፣ በሩ ብቻ ሌላ። ይሻላል። ይሻላል አይደል፣ ጠዋት ደግሞ ቴሪየን፣ አብሮት የሚከላከለው፣ ጽፎለታል፣ ቅናሽ ላይ ወጣህ አሉ ጌታው፣ ዋጋህን ጠይቄ ነጻ ነው ሲሉኝ ይቅርብኝ አልኩ፣ እሱም አንተን እኮ ከፍለውም አይገላገሉህም ብሎ መለሰለት፣ ሳቀ፣ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ሠላሳ አንድ ክለብ። ሠላሳ አንድ ሰው አሁን ስሙን እያየ ነው፣ አንዱ እንኳ ቆም አይልም? አንድ ብቻ ፈልጎት፣ ኋላ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ያንን እንኳ ቢያውቅ። ምን ማለቱ ነው፣ ሚስቱ እዚያ ተኝታ።

ሻንጣው መኪናው ኋላ ነው። ጠዋት በረዶ ልጥረግ ብሎ ሲወጣ ነው የከተተው፣ ለጥንቃቄ፣ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ፣ ሱፍ ልብስ፣ መላጫ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዞች። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። እጅጌ ጉርድ።

ጠራ።

ኮስቲ፣ ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ አልፈሃል፣ ማንም አልጠየቀም፣ ነገ በታችኛው በር ግባ፣ ለሚስትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። እሺ። አመሰግናለሁ። ለምኑ ነው ያመሰገነው?

ምን አሉህ? ትላለች ሊአን ከመኝታ ቤት፣ ማንም አልወሰደኝም፣ ይላል፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ደህና ይመስለዋል፣ እሷ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ተመስገን፣ ና እስቲ፣ ሆዴን ንካው፣ ይነካል፣ እውነትም ይራገጣል፣ ደስ ብሎታል፣ ደስ ሊለው ይገባል፣ ሠላሳ አንዱም፣ አንድም፣

ኤሞሪ፣ ትላለች ጸጉሩን እየዳበሰች፣ ቀስ ብላ። ሻንጣውን አስገባው በቃ፣ ሸሚዞቹ እንዳይጨማደዱ።