የማ ሌዮኒዝ ዘጠነኛ ልጅ

እናታችን ማ ሌዮኒዝ በሕይወት ሳለች የሕዝብ ቆጣሪ ሲመጣ የምትመልሰው እሷ ብቻ ነበረች። በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ስንት ልጅ እንደወለደች ሲጠይቋት "ዘጠኝ" ትላለች። ዘጠነኛዋ እኔ ቬርሊን ነኝ። እኔ ስወለድ ማ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቆጣሪው ቀና ብሎ ያያታል፣ እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ማንስ ደፍሮ ይከራከራታል?

እውነቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የወለደችኝ ስምንተኛ ልጇ ኢግናሺያ ናት፤ ያውም በአሥራ አምስት ዓመቷ። ያኔ ያረገዘች ልጅ ትምህርት ቤት ደጅ አትደርስም። ማ እኔን ተቀብላ የራሷ አደረገችኝ፤ ኢግናሺያ ሙዝ ማሸጊያ ቤት ሥራ ገባች፤ ኋላም አላገባች፣ ሌላም አልወለደች። እኔ "እትዬ" እያልኳት አደግሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ቧንቧ ወረፋ ላይ የተጣላችኝ ልጅ "እትዬ የምትያት እኮ እናትሽ ናት" ብላ ሰደበችኝ። እያለቀስኩ ሄጄ ለማ ብነግራት በጨው የደረቀ ዓሣ በሳህን ሰጠችኝና "ብዪ" አለችኝ። በላሁ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፍኖ ቀረ።

ያ ግቢ ግን እንዴት ይናፍቀኛል! በየቤቱ አሥራ ሰባት ያልሞላት እናት አትታጣም ነበር። የልጅ ልጁ፣ የእህት ልጁ፣ የማን እንደሆነ የማይጠየቀው ሁሉ ፍሬው ተጠብሶ እንደ ዳቦ ከሚበላው የግቢያችን ዛፍ ሥር ይተራመሳል፤ ማታ ማ ሁላችንንም በአንድ ሳፋ ውኃ ታጥበናለች። ዛሬ ገመዱ ላይ የሚሰጣ የሕፃን ጨርቅ የለም፤ ዛፉ ሥር ያሉት ዶሮዎች ብቻ ናቸው። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ራሴን እቆጣለሁ። የዚያ ሁሉ ጫጫታ ዋጋ የእነኢግናሺያ ትምህርት ነበር።

ዘንድሮ ቆጣሪዋ ስትመጣ ማ በመቶ አምስት ዓመቷ ካረፈች ዓመት አልፏት ነበር። የቤቱ ኃላፊ ኢግናሺያ ሆናለች። ቆጣሪዋ ኬዝያ ትባላለች፤ ታብሌት የያዘች፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ። ከማን ጋር እንደሚኖሩ ስትጠይቅ ኢግናሺያ በአገጯ እኔን አሳየቻትና "እህቴ ናት" አለች። ሃምሳ ሰባት ዓመት የለመድኩት ቃል ያን ዕለት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። የምታፍራት ማ የለችም፤ እሷም ሰባ ሁለት ደፍናለች። አሁን ካልተናገረች መቼ ልትናገር ነው? አንድ ቀን እንኳ ከአፏ ሳልሰማው ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ኬዝያ ጨዋታ አዋቂ ናት። አያቷ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እንደወለዱ፣ እሷ በተማረችበት ክፍል ግን አንዲትም ሴት እንዳላረገዘች አጫወተችን።

"ምን ታድርጉ፣ የዘንድሮ ወንድ ከስልኩ ጋር ነው የሚያድረው" አለች ኢግናሺያ።

ተሳሳቅን። ከዚያ ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ለሴት ሁሉ የሚጠየቅ ነው። ስንት ልጅ ወልደዋል?"

ኢግናሺያ ፊቷን ዛፉ ሥር ወዳሉት ዶሮዎች አዞረች። እኔ ለራት የሚቀቀል ጥሬ ሙዝ እየላጥኩ ነበር፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ኬዝያ መልሱ ሲዘገይባት ከሌለዎትም ምንም አይደል፣ ዜሮ ብዬ አልፈዋለሁ አለቻት።

"ዜሮ አትበዪ። አንድ ወልጃለሁ።"

"በስንት ዓመትዎ?"

"በአሥራ አምስት።"

"ልጁ በሕይወት አለ?"

"ያቻት፣ ሙዝ እየላጠች።"

ኬዝያ እኔን አየችኝ፣ ታብሌቷን አየች። ቅድም እህቴ ናት ብለውኝ ነበር፣ ላርመው ወይ ብላ ጠየቀች። ኢግናሺያ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚስ ትዳብስ ጀመር።

"እኔ ምን መብት አለኝ? ያሳደገቻት ማ ናት። ቬርሊንን ራሷን ጠይቂያት።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩት።

"አርሚው" አልኳት። "እናቴ ናት።"

ልጅቷ ነካ ነካ አደረገችና ጨረስኩ አለች። ኢግናሺያ ታብሌቱን ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ያለ መነጽር አይታያትም። መልሳ ሰጠቻት።

"እስቲ አንብቢልኝ።"

"ቬርሊን፣ የቤቱ ኃላፊ ልጅ።"

"ድገሚው" አለች።